የደፈረሰ ውሃና የንድፈ ሐሳብ ትምህርት

«ንድፈ ሐሳብ የጥጋበኛ አገር ትምህርት ነው» የሚል አነጋገር በመካከላችን ተለምዷል። የፊዚክስ ተማሪ የሚጽፈው ቀመር የገበሬውን ጎተራ አይሞላም ይባላል። እኛ ግን ይህ አባባል ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም እንላለን።

በሐይቅና በአምባሰል ያደግን ሁሉ ክረምት ሲገባ ከየተራራው አፈር ጠርጎ ወደ ሐይቁ የሚወርደውን ጎርፍ እናውቀዋለን። ያን ውሃ በእንስራ ቀድተው ቢያሳድሩት አሸዋው ይዘቅጣል፤ ደቃቁ ሸክላ ግን እንደ ተንሳፈፈ ያድራል። ይኸውም ቅንጣቶቹ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ ነው። በኮንሶ ቅጠሉ እንደ ጎመን የሚበላው የሽፈራው ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ቢጨመርበት ግን ይጠራል፤ በፍሬው ያለው ፕሮቲን አዎንታዊ ሙል ይዞ ቅንጣቶቹን ያያይዛቸዋልና። ፕሮቲን፣ እንደ ዲኤንኤ ሁሉ፣ ሙል የተሸከመ ፖሊመር፣ ማለት እንደ መቁጠሪያ የተሰካካ ረጅም ሞለኪውል ነው።

ታዲያ ምን ያህል ፍሬ ይበቃል? ቢያንስ ውሃው አይጠራም፤ ቢበዛ ሸክላው በተራው አዎንታዊ ሙል ይዞ እንደገና ሊበተን ይችላል። ንድፈ ሐሳብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ደባይና ሂውክል እ.ኤ.አ. በ1923 እንዳሳዩት፣ በውሃ የሟሟ ጨው የሙሎችን ኃይል ይጋርዳል፤ ጨው አራት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ የሚደርስበት ርቀት በግማሽ ያጥራል። ማኒንግ ደግሞ በ1969 በፖሊመሩ ላይ ያሉት ሙሎች በውሃ ውስጥ ከ0.7 ናኖሜትር ይበልጥ ሲቀራረቡ ተቃራኒ አዮኖች መጥተው እንደሚሰፍሩበትና ኃይሉን እንደሚቀንሱት አሰላ። አዮኖቹ ሁለትና ሦስት ሙል ሲይዙ እነዚህ ቀመሮች ስለሚደክሙ በኮምፒዩተር ማስላት ግድ ይሆናል።

እርግጥ ነው፣ ቀመር ብቻውን ውሃ አያጠራም፤ የጠራም ውሃ ካልፈላ ከበሽታ አያድንም። ነገር ግን የወንዙ ጨው ከጉድጓዱ ስለሚለይ፣ የአንዱን ልክ ለሌላው በጭፍን ከመቅዳት የሚያድነን ስሌት ነው።

ስለዚህ መምህራኖቻችን ምሳሌውን ከደጃችን ውሃ እንዲወስዱልን እንጠይቃለን። እኛም ቀመርን ለፈተና ብቻ ማጥናታችንን ትተን፣ በመጪው ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ የደፈረሰውን ውሃ በብርጭቆ ቀድተን እንመርምረው። ሕዝብ ያስተማረን መልሱን እንድናመጣለት ነውና።