ብረት ለምትገፉ የቦንጋ ልጆች፦ ስለ ካሎሪ ቆጠራ

ይድረስ በቦንጋና በመላው ካፋ ዞን ብረት ለምትገፉ ወንድሞቼና እህቶቼ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ብዙዎቻችሁ የእጅ ሰዓታችሁ ወይም ስልካችሁ የሚያሳያችሁን የካሎሪ ቁጥር አምናችሁ ምግብ ስለምትቀንሱና ስለምትጨምሩ ነው። ቁጥሩ ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ ራሳችሁ ልታሰሉት ትችላላችሁ።

40 ኪሎ ብረት ከደረታችሁ ላይ ግማሽ ሜትር ሽቅብ ገፋችሁ እንበል። አንዱ ግፊት 196 ጁል ገደማ ሥራ ነው። 30 ጊዜ ስትደግሙት 5,880 ጁል ይሆናል። ምግብ ላይ አንድ ካሎሪ የምንለው 4,184 ጁል ስለሆነ፣ ይህ ሁሉ ልፋት 1.4 ካሎሪ ብቻ ነው። ጡንቻ ግን ካጠፋው ጉልበት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከ20 እስከ 25 በመቶውን ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል፣ የሚያልባችሁም ለዚህ ነው። ስለዚህ የ30ው ግፊት ዋጋ ስድስት ሰባት ካሎሪ ቢሆን ነው። ብረቱን ቀስ ብሎ ማውረድና ይዞ መቆየትም ጉልበት ይበላልና ትንሽ ጨምሩበት።

አጥኚዎች የሚለኩት አፍና አፍንጫ ላይ ጭንብል አድርገው፣ ሰውየው የተጠቀመውን ኦክስጅን በመቁጠር ነው፤ አንድ ሊትር ኦክስጅን 5 ካሎሪ ገደማ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ልኬት የወጣው የታወቀ ሠንጠረዥ እንደሚለው፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ አንድ ካሎሪ ገደማ ያጠፋል። መካከለኛ ብረት ማንሳት የዚህ 3.5 እጥፍ፣ ከባዱ 6 እጥፍ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንግዲህ በመካከለኛው በሰዓት 210 ካሎሪ ያቃጥላል። ከዚህ ውስጥ 60ውን ቤቱ ቁጭ ብሎም አይቀርለትም ነበር። የተረፈው 150 ካሎሪ ሁለት ሾርባ ማንኪያ ተኩል የካፋ ማር ነው። በየዙሩ መሃል ተቀምጣችሁ የምታወሩ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል።

ሰዓቱ ለምን ይሳሳታል? የሚያየው የልብ ምት ነው። ከባድ ብረት ስትገፉ ትንፋሽ ትይዛላችሁ፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ልብም ይፈጥናል፤ የኦክስጅን ፍጆታው ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት የእጅ መለኪያዎችን በእግር ጉዞ፣ በሩጫና በብስክሌት ሲፈትሹ፣ በካሎሪ ግምት የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ስቷል። የልብ ምትና የኦክስጅን ፍጆታ አብረው በሚሄዱበት እንቅስቃሴ እንዲህ ከሆነ፣ ብረት ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል ገምቱ።

ብረት መግፋቱን ተዉት እያልኩ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ሥሩ ይላል። ጥቅሙን ጡንቻና አጥንት ላይ ፈልጉት። ካሎሪ ማቃጠል ለሚፈልግ ቦንጋ ዳገት አያጣም።

ከልቤ የሚያሳስበኝ ግን ካሎሪውን መቁጠር የሚያስፈልገው፣ ማንም የማይቆጥርለት ሰው ነው። በቡና ወቅት ጫኝና አውራጆች ሦስት ፈረሱላ ተኩል የሚሆን ጆንያ ትከሻቸው ላይ አድርገው ሲመላለሱ ይውላሉ። በዓለም አቀፉ የምግብና የጤና ድርጅቶች ስሌት መሠረት፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ወጣት ወንድ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ከሆነ በቀን 2,400 ካሎሪ ገደማ ይበቃዋል፤ ከባድ የጉልበት ሥራ ላይ ከሆነ 3,500 ያስፈልገዋል። ልዩነቱ 1,100 ካሎሪ ነው። ያንን ካላገኘ ሰውነቱ ከገዛ ሥጋው ይወስዳል። እንሰት ስትፍቅ የምትውል፣ እንጨት ተሸክማ ከጫካ የምትመለስ እናትም በዚሁ ሒሳብ ውስጥ ናት። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን አነስተኛ ስለሆነ ባቄላ፣ አተር፣ አይብ ወይም ወተት ይፈልጋል።

የቡና ነጋዴዎች ይህን ካነበባችሁ፣ የጫኞቻችሁን ምሳ ከሂሳባችሁ አስገቡት፤ ባቄላ ያለበት፣ ጠገብ ያለ ምሳ። እናንተ ብረት የምትገፉትም ጂም በምትሠሩበት ሰፈር ጆንያ የሚሸከም ጓደኛ ካላችሁ፣ ይህን የ1,100 ካሎሪ ሒሳብ አስረዱት፤ ከደመወዙ ላይ በቅድሚያ ምግቡን እንዲያስብ።

አክባሪያችሁ