ደሴት ማየት ሃይማኖት መቀየር አይደለም

ይህችን ጽሑፍ ለመለጠፍ ሦስት ቀን አመነታሁ። ዝም ማለቱ ግን አልሆነልኝም። ትንሽ ረዘም ትላለች፣ ታገሡኝ።

አምና አንድ ቅዳሜ ሦስት መምህራን ሆነን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሆሳዕና ተነሣን። በወራቤ፣ በቡታጅራ አድርገን ዝዋይ ገባን። ከዚያ በሞተር ጀልባ ቱሉ ጉዶ ደሴት፣ ደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ደረስን። ማታ ቤታችን ነበርን።

እኔ ጴንጤ ነኝ። አብረውኝ ከሄዱት አንዱ ሙስሊም ነው። ጫማ አውልቁ ተባልን፣ አወለቅን። አንድ አባት የብራና መጽሐፍ አውጥተው ቅጠሉን አንድ በአንድ ገለጡልን። ስገዱ ያለን የለም፣ ሳሙ ያለን የለም። "ከየት ናችሁ?" ሲሉን "ከሆሳዕና" አልናቸው። ሳቅ ብለው "አገራችሁ የበዓል ስም ነው ያላት" አሉን።

ዘንድሮ ተማሪዎቼን ልውሰድ ብዬ የወላጅ ስብሰባ ላይ አቀረብኩ። አንድ አባት ተነሥቶ "መምህር፣ ልጆቻችንን ለታቦት ልታሰግድ ነው?" አለኝ። ተጨበጨበለት። በቃ፣ ሐሳቡ እዚያው ቀረ። ልጆቹ ሐዋሳ ሄደው ሐይቁ ዳር ሰልፊ ተነሥተው መጡ። ዱራሜ ለሚያስተምር ጓደኛዬ ስነግረው "እኛም ጋ ያው ነው" አለኝ።

እንግዲህ ያኔ ያልተናገርኩትን አሁን ልናገር።

አንደኛ፣ ስለ ዮዲት ጉዲትና ስለ አክሱም መውደቅ ክፍል ውስጥ እናስተምራለን። ያኔ የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ደሴት ሸሽተው 70 ዓመት እንደቆዩ በትውፊት ይነገራል። እመኑ አላልኩም። ግን ተማሪ ትውፊትንና ማስረጃን መለየት የሚማረው እንዲህ ያለ ቦታ ቆሞ ሲጠይቅ ነው። የደሴቶቹ ሕዝብ ዛይ ይባላል። ቋንቋው የስልጤኛና የሐረሪ ዘመድ ነው። ወራቤ ላይ ሻይ ስንጠጣ የሰማነው ቋንቋ ዘመድ ሐይቅ መሐል ሲነገር መስማት ለአንድ ተማሪ ትንሽ ትምህርት ነው?

ሁለተኛ፣ "የኛ ታሪክ አይደለም" ላላችሁ። ስንታመም የምንሄድበት ሆስፒታል በማን ስም ነው የተሰየመው? በንግሥት እሌኒ መሐመድ! የሀዲያ ገራድ ልጅ፣ ከሙስሊም ቤት ወጥታ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት የሆነች፣ ኋላም ለልጅ ልጁ ልጅ ለልብነ ድንግል አገር የመራች፣ ፖርቱጋል ድረስ መልእክተኛ የላከች ሴት ናት። በስሟ እንኮራለን። እሷ የኖረችበትን የክርስቲያን ዓለም ግን ልጆቻችን በሩቁም እንዳያዩት እንከለክላለን። ኩራታችን ግማሽ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በመስከረም "ያሆዴን ኑና እዩልን" እንላለን። ከምባታዎች "መሳላን እዩልን" ይላሉ። ደስ ይላል። ግን የሰው ደጅ ሳንረግጥ ሰው ሁሉ የኛን ደጅ ይርገጥ ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው?

አንድ ኦርቶዶክስ ባልደረባዬ ደግሞ "ጴንጤ ገዳም ውስጥ ምን ይሠራል?" ብሎኛል። ወንድሜ፣ ከዚያ አባት የሚለይህ የምትቆምበት አጥር ብቻ ነው። መጽሐፉን የገለጡልኝ አባት እንዲህ አላሉኝም።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ስብሰባ ላይ ትክክለኛ ጥያቄ የጠየቁኝ አንዲት እናት ብቻ ናቸው። "ጀልባው ቢገለበጥስ?" አሉኝ። ልክ ናቸው። ለእያንዳንዱ ልጅ የመንሳፈፊያ ጃኬት ካልተገኘ፣ ወይም ሐይቁ ከተናወጠ፣ እኔ ራሴ ነኝ ጉዞውን የምሰርዘው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው መወያየት የነበረብን። ጭብጨባው ግን የሳቸውን ድምፅ ዋጠው።

እምነቱ አንድ ጠዋት የሰው ገዳም ስላየ የሚናድ ልጅ ካለ፣ ችግሩ ደሴቱ ላይ ሳይሆን እኛ ባሳደግነው ቤት ውስጥ ነው። እኔ አይቼ መጥቻለሁ፤ እሑድ እንደ ወትሮው ቸርቼ ነበርኩ።

ለሚመጣው ዓመት ሐሳቡን እንደገና ይዤ እቀርባለሁ። ወላጆች፣ እስከዚያ አስቡበት። በሐሳብ የምትሞግቱኝን ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ። ለተሳዳቢ ግን ጊዜ የለኝም፣ የማርመው የፈተና ወረቀት አለብኝ።