ስለ ጨረቃ ማንን እናማክር?

ዛሬ ከወትሮው የቤት ጉዳያችን ራቅ ብለን ወደ ሰማይ ቀና እንበል። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ቤት መመለሱ ባይቀርም።

መስከረም 29 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2009) በእኛ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ላይ፣ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ 2,300 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ባዶ የሮኬት ክፍል ሆን ብሎ ከጨረቃ ጋር አጋጨ። ፍጥነቱ በሰዓት 9,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከኋላው ይከተል የነበረው ኤልክሮስ የተባለው መንኮራኩርም በተነሣው አቧራ ውስጥ እያለፈ መረጃ ከላከ በኋላ፣ ከአራት ደቂቃ ያህል ቆይታ በኋላ እርሱም እዚያው ተከሰከሰ። ለዚህ ሥራ የወጣው 79 ሚሊዮን ዶላር ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀኑ ሲቃረብ ብዙ ሰው ተቆጥቶ ነበር። ናሳ ጨረቃን በቦምብ ሊመታ ነው ተባለ። አንዳንዱ ጨረቃ ከመንገዷ ትወጣለች ብሎ ሰጋ፤ ሌላው ምድርን ማበላሸታችን ሳያንስ ወደዚያ ደግሞ ተሻገርን ወይ ብሎ አዘነ።

የመጀመሪያውን ስጋት ቁጥር ራሱ ይመልሰዋል። 73 ብላችሁ ጻፉና ከኋላው 18 ዜሮ ጨምሩበት፤ የጨረቃ ክብደት በቶን ያን ያህል ነው። ደግሞም ግጭቱ አዲስ ነገር አልነበረም። በ1959 የሶቪየት ኅብረቷ ሉና 2 እዚያ ተከስክሳለች። ከአፖሎ 13 እስከ 17 ባሉት ጉዞዎችም እያንዳንዳቸው 14 ቶን ገደማ የሚመዝኑ አምስት የሮኬት ክፍሎች ሆን ተብሎ ተጥለዋል፤ የጨረቃን የውስጥ አካል በንዝረቱ ለማጥናት ነበር። ጨረቃ ግን ይኸው በመንገዷ ናት።

ታዲያ በእርጋታ አርፎ መቆፈር አይቻልም ነበር ወይ? የተመረጠው ካቤውስ የሚባለው ጉድጓድ በጨረቃ ደቡብ ዋልታ አጠገብ ነው። ወለሉ ላይ ፀሐይ ፈጽሞ የማታርፍበት ቦታ አለ፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 230 ዲግሪ ይደርሳል። በዚያ ጨለማ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መሣሪያ ምን ያደርጋል? ስለዚህ አፈሩን በግጭት ወደ ላይ በትኖ፣ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው በውስጡ ያለውን መለየት ይሻላል ተባለ። በዕለቱ በቴሌቪዥን ይከታተል የነበረው ሕዝብ ትልቅ አቧራ ሲነሣ አያለሁ ብሎ ቢጠብቅም ምንም ሳያይ ቀረ፤ ሳቅና ፌዝም ሆነ። ከወር በኋላ፣ ኖቬምበር 13 ቀን ግን ናሳ ውኃ መገኘቱን አስታወቀ። በ2010 በታተመው ትንታኔ መሠረት መሣሪያዎቹ ያዩት 155 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በእኛ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስምንት አይሞላም! ሆኖም ለሚጠጣም፣ ኦክስጅንና የሮኬት ነዳጅ ለማውጣትም ስለሚሆን፣ ዛሬ አገሮች ወደ ደቡብ ዋልታው የሚሽቀዳደሙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ውኃ ነው።

እንግዲህ በሳይንሱ በኩል ተቆጪዎቹ ተሳስተዋል እላለሁ። ቁጣቸው ሁሉ ግን ባዶ አልነበረም። ባልና ሚስት ለምክር ወደ ቤታችን ሲመጡ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ባል ከጋራ ገንዘባቸው ጥቂት ብር አውጥቷል፤ የወጣውም ለበጎ ነገር ነው፤ ቤቱንም አልጎዳም። እርሱ ሒሳቡን ቁጭ አድርጎ ያስረዳል። እርስዋ ግን የምታለቅሰው ስለ ሒሳቡ አይደለም። «አልጠየቀኝም» ነው የምትለው።

የናቫሆ ሕዝብ ያሉትም ይህንኑ ነው። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት እነዚህ ነባር ሕዝቦች ጨረቃን እንደ ቅዱስ ነገር ያያሉ። ናሳ በ1998 ወደ ጨረቃ በላከው መንኮራኩር ውስጥ የአንድ የታወቁ ሳይንቲስት፣ የዩጂን ሹሜከር አስከሬን አመድ ጥቂት ተጭኖ ነበር። በዓመቱ መንኮራኩሩ ውኃ ፍለጋ እንዲከሰከስ ተደረገ፤ ውኃ አልታየም፤ አመዱ ግን እዚያው ቀረ። የናቫሆ ፕሬዚዳንት አልበርት ሄል አስቀድመው ተቃውመው ነበር። ናሳም ይቅርታ ጠየቀ፤ ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር ሲኖር አማክራችኋለሁ ብሎም ቃል ገባ። እኛ ጨረቃን እንደ እነርሱ ስለማናያት ፈገግ ልንል እንችል ይሆናል። ነገር ግን የሙታን አመድ ሳንጠየቅ እኛ በምናከብረው ስፍራ ቢበተን ዝም የምንል አይመስለኝም።

በጃንዋሪ 2024 ፔሪግሪን የተባለች የአንድ የግል ኩባንያ መንኮራኩር የሰዎች አስከሬን አመድ ይዛ ተነሣች። የናቫሆው ፕሬዚዳንት ቡ ናይግረን ያንን የድሮ ቃል አስታወሱ። ናሳ ግን መንኮራኩርዋ የግል ስለሆነች በጭነቱ ላይ ሥልጣን እንደሌለው ገለጸ። ነዳጅ አፍስሳ ጨረቃ ሳትደርስ ተመለሰችና በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ተቃጠለች። ጉዳዩ በዚህ ሳይወሰን አደረ፤ የሚመጡት ጉዞዎች ግን ብዙዎቹ የግል ኩባንያዎች ናቸው። እኔን ከ2,300 ኪሎው ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

እናንተስ በቤታችሁ ተወያይታችሁ ምን ትላላችሁ? ጻፉልኝ።