ኢምፓክቱ ይፍታ፣ ማጥበቁ ግን ለእጅ ይተው

ለተከበሩ የመጽሔቱ አዘጋጅ፣

ባለፈው ዕትማችሁ ጋራዦቻችንና ጎሚስታዎቻችን በዘመናዊ መሣሪያ እየተሟሉ መምጣታቸውን የሚያወሳ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ጸሐፊው በአየርም በባትሪም የሚሠራው ኢምፓክት መፍቻ ሥራ ማቅለሉን አድንቀዋል፤ በዚህ አልከራከራቸውም። በመካኒክነት ያደግሁ፣ ዛሬም ሥር ሥሬ የሚሉ ልጆችን የማሠለጥን ሰው ስለሆንኩ፣ አንድ የዛገ ዳዶ ሁለት ጎልማሳ ከጠዋት እስከ ምሳ እንዴት እንደሚያታግል አውቀዋለሁ። የማልቀበለው የእጅ መፍቻ ዘመኑ አልፏል የሚለውን መደምደሚያቸውን ነው። ኢምፓክት በገባበት ቤት የእጅ መፍቻ ከድሮው ይልቅ ያስፈልጋል፤ ሥራውን መጀመርም መጨረስም ያለበት እሱ ነው።

ከማጥበቁ ልነሣ፤ ትልቁ ጉዳት ያለው እዚያ ላይ ነውና። በየመንገዱ የምናያቸው ቶዮታ ኮሮላና ቪትዝ የጎማ ዳዷቸው የሚጠብቅበት ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። በየጎሚስታው ያለው ባለ ግማሽ ኢንች ኢምፓክት ደግሞ 500 ኒውተን ሜትርና ከዚያም በላይ የሚደርስ አለ። ልጁ ማስነሻውን ተጭኖ ጥቂት ሰከንድ ካቆየው ዳዶው የት እንደደረሰ ማንም ሊነግረን አይችልም። ጉዳቱ በዕለቱ አይታይም። ብሎኑ ከአቅሙ በላይ ይለጠጣል፣ የፍሬን ዲስኩ ወጥ ባልሆነ ኃይል ተይዞ ይጣመማል፤ ከሳምንታት በኋላ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ መሪው እጁ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያን ጊዜ ጎሚስታውን የሚያስታውስ የለም፤ የፍሬን ሸራ ይቀየራል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ መንቀጥቀጡ ግን እዚያው ነው።

ሌላም አለ። ከመኪናው ጋር የሚመጣው መፍቻ እጀታው 30 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በልኩ የጠበቀን ዳዶ ለማላቀቅ ጫፉ ላይ ወደ 35 ኪሎ ገደማ ክብደት ማሳረፍ ይበቃል፤ ይህን ጤነኛ ሰው ሁሉ ይችለዋል። የልኩን ሦስት እጥፍ የጠበቀው ግን ከመቶ ኪሎ በላይ ይጠይቃል። አንድ ማታ ከደብረ ብርሃን ስመለስ ሸኖ አጠገብ አንዲት እናት መንገድ ዳር ቆማ አገኘኋት። ጎማው ተንፍሷል፣ ልጆቿ ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል፣ እሷ መፍቻው ላይ በሁለት እግሯ ወጥታ ትረግጠዋለች። መፍቻው በአንድ ጎን እየሸሸ የዳዶውን ማዕዘን ልጦት፣ በባትሪ መብራት ሳየው ብረቱ እንደ አዲስ ያበራል። «እኅቴ፣ ውረጂ፣ ካመለጠሽ እግርሽን ይሰብርሻል» አልኳት። «ዛሬ ጠዋት እኮ ነው ያሠራሁት» አለችኝ። ጠዋት የተሠራ ጎማ ማታ በባለቤቱ እጅ ካልተፈታ፣ ያ ሥራ በደንብ ተሠርቷል ለማለት ይከብደኛል።

ስለዚህ አገጣጠሙ እንዲህ ይሁን። ዳዶው መጀመሪያ በጣት ይግባ፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ዙር። ጥርሱ በትክክል መግጠሙን የሚያውቀው ጣት ነው፤ ኢምፓክት ጠማማ የገባውን ዳዶም በኃይሉ ነድቶ ያስገባዋል፣ ጥርሱንም ይበላዋል። ቀጥሎ እየተሻገሩ በኮከብ ቅርጽ ማስያዝ፣ መኪናው ከክሪክ ከወረደ በኋላም ልኩን በሚለካ ቶርክ መፍቻ መጨረስ። ቶርክ መፍቻ የሌለው በመስቀል መፍቻ በክንዱ ጉልበት ብቻ ያጥብቅ፣ እግሩን ግን አያሳርፍበት። ባለመኪናውም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳ በኋላ ተመልሶ ያስፈትሽ።

አሁን ወደ አልፈታ ባዩ ልምጣ። ሠልጣኞች ዳዶ እንቢ ሲላቸው መጀመሪያ የሚያነሡት ኢምፓክቱን ነው፤ እኔ የመጨረሻው ነው እላለሁ። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ፣ ሰርጎ የሚገባ ዘይት ይረጭበትና ጊዜ ይሰጠው። ረጅም እጀታ ይዞ በመጀመሪያ ትንሽ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ መነቅነቅ፣ ከዚያ ወደሚፈታበት፤ የዝገቱ ትስስር ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በዚህ ነው። ይህ ሁሉ መኪናው በክሪክ ሳይነሣ፣ ጎማዎቹም ታኮ ተደርጎላቸው ይሁን፤ የተነሣ መኪና በመፍቻ ሲነቀነቅ ከክሪኩ ይወርዳል። መፍቻውን ወደ ራስ መሳብ እንጂ መግፋት አይገባም፤ ሲያመልጥ ገፊው ፊቱን ወይም ጉልበቱን ብረት ላይ ያሳርፋል። በራቼት እጀታ ላይ ቱቦ ማስገባትን ጨርሶ እከለክላለሁ፤ ውስጡ ያሉት ጥርሶች ለዚያ ኃይል አልተሠሩም። እሳት ማንደድ የሚቀናቸውም አሉ፤ ጎማው ቸርኬው ላይ እንዳለ ብረቱን ማሞቅ ጎማውን ሊያፈነዳው ስለሚችል አይሞከር።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ኢምፓክቱ ይምጣ፤ ሲመጣ ግን የራሱ የሆነውን ሶኬት ይዞ። የሚያብለጨልጨው የእጅ ሶኬት ጠንካራ ነው፣ ግን ተሰባሪ፤ ግድግዳውም ስስ ነው። በተደጋጋሚ ምት ይሰነጠቃል፣ ስብርባሪውም ወደ ዓይን ይበራል። ለኢምፓክት የሚሠራው ጥቁሩ፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነው ሶኬት ነው። ሁለቱ በአንድ ሣጥን መቀመጣቸውን አልወድም፤ የቸኮለ ልጅ እጁ ላይ የገባለትን ነው የሚያነሣው። የዓይን መከላከያ መነጽርም ሳይደረግ ማስነሻው መነካት የለበትም።

ብዙ ሰው ችላ የሚለው አደጋ ደግሞ ብሎኑንና ዳዶውን ሁለት ሰው ተካፍሎ ሲፈታ የሚመጣው ነው። አንዱ ከወዲያ ማዶ የብሎኑን ራስ በእጅ መፍቻ ይይዛል፣ ሌላው ከወዲህ በኢምፓክት ይመታል። ብሎኑ ድንገት አብሮ ከዞረ መፍቻው ይወረወርና የያዘውን ጣት ከሻንሲው ጋር ያጣብቀዋል። በዚህ ሁኔታ ጣቱ የተቀጠቀጠ ወጣት አይቻለሁ፤ ጋራዡን አልጠራውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መፍቻው በሚዞርበት አቅጣጫ ጠንካራ ብረት ላይ ተደግፎ ይቀመጥ፣ እጅም ከላዩ ይነሣ፣ ከዚያ ማስነሻው ይጫን። ኢምፓክቱም በአጭር በአጭሩ ይመታ፤ ዳዶው ከተንቀሳቀሰ በኋላ በእጅ ይቀጥል፣ ከከበደም ወደ ኋላ ተመልሶ ዘይት ይጨመርበት።

የጭነት መኪና የሚነኩ ወንድሞቼ አንድ ነገር እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ። በድሮዎቹ የጃፓን የጭነት መኪኖች በግራ በኩል ያሉት የጎማ ዳዶዎች ጥርሳቸው ግልባጭ ነው። ይህን ያላወቀ ልጅ እየፈታ መስሎት እያጠበቀ ብሎኑን ይበጥሳል። በእጅ መፍቻ የጀመረ ሰው ግን አቅጣጫውን መጀመሪያውኑ እጁ ይነግረዋል።

«ደንበኛው ይቸኩላል» የሚለውን መልስ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የአንድ ቪትዝ 16 ዳዶ በቶርክ መፍቻ ለመጨረስ ቡና ከማፍላት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ደንበኛውም ቢሆን ምን እንደሚጠይቅ ካወቀ ይታገሳል፤ ስለዚህ ባለመኪኖች «በኢምፓክት አትጨርሱልኝ፣ በእጅ አጥብቁልኝ» ለማለት አይፈሩ።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። በአገራችን በብዛት የሚነዱትን መኪኖች የጎማ ዳዶ ማጥበቂያ ልክ ከአምራቾቻቸው መመሪያ ሰብስባችሁ በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ ብታወጡልን ትልቅ ውለታ ነው። ገጹ ተቆርጦ የሚለጠፍ ይሁን፤ በሰፈሬ ላሉት ጎሚስታዎች ራሴ አዳርሳለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የመጽሔታችሁ አንባቢ፣ መካኒክ
ከአዲስ አበባ