መርዶ ሳይነገር ሙሾ አይወርድም

የጎጃም የጦር ግጥም ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ወደ ጦርነት ሲኬድ የሚባለው ነው፦ ፉከራው፣ ሽለላው፣ ቀረርቶው። ሁለተኛው ሄዶ ላልተመለሰው የሚወርደው ሙሾ ነው። የመጀመሪያውን ወንዶች መሣሪያ ይዘው በአደባባይ ይሉታል። ሁለተኛውን በአብዛኛው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በለቅሶ ቦታ ያወርዱታል። ሬዲዮናችን፣ የባህል ቡድኖቻችንና የበዓል መድረኮቻችን የመጀመሪያውን አንስተው ሁለተኛውን ትተውታል። የዓድዋ ቀን ቀረርቶ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማል፤ በዚያ ጦርነት ወድቆ የቀረው የጎጃሙ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወታደር ግን ማን እንደነበር የሚናገር ድምፅ የለም። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከደምበጫ እስከ ቋሪት ባለው የገጠር አገር ተራው ወታደር በስሙ የተመዘገበው ከሁሉ ይልቅ በሙሾ ነው። ሙሾውን ሳንሰበስብ መቅረታችን መዝገቡን እንደ ማቃጠል ነው።

ሙሾ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። አልቃሿ ከባዶ አትነሳም። የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የት እንደወደቀ፣ ማንን ጥሎ እንደሄደ፣ በእርሻውና በጨዋታው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ከቤተሰቡ ሰምታ ነው በሁለት ስንኝ የምትቋጥረው። ለቀስተኛው ይቀበላታል፤ ሌላዋ ታክልበታለች። ወታደሩ በሩቅ ወድቆ ሬሳው ካልመጣ ደግሞ ልብሱ፣ ጠመንጃው፣ ፎቶግራፉ በሬሳው ፈንታ ወጥቶ ይለቀስበታል። በፉከራ ሰው ራሱን ይጠራል፤ ገዳይ ነኝ ይላል። በሙሾ ግን ሟቹን የሚጠሩት ሌሎች ናቸው፤ የሚያውቁት፣ የጎደለባቸው፣ እርሱን ከማሞገስ አንዳች የማይጠቅማቸው ሰዎች። ለታሪክ ጸሐፊ የትኛው ቃል ይበልጥ እንደሚታመን ለአንባቢ እተዋለሁ።

የጽሑፍ ታሪካችንን እንመልከት። በ1928 ዓ.ም. ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው ጣሊያንን ለመውጋት ሽሬ ዘመቱ፤ በተከዜ ማዶ ለማዶ ጦሩ በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ አለቀ። ራስ እምሩም፣ አብረዋቸው የዘመቱት ሀዲስ ዓለማየሁም ስላዩት ጽፈዋል፤ ባይጽፉ ኖሮ ይህንንም አናውቅም ነበር። ነገር ግን የመኳንንት ማስታወሻ የአለቆችን ስም ይዞ፣ በሬውን ፈትቶ የዘመተውን ገበሬ «ጦሩ» ብሎ ያልፈዋል። በ1933 ዓ.ም. የሆነውም ከዚህ አይለይም። ጣሊያን የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሸሽ፣ ኬንያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተመለመለው ሁለተኛው ሻለቃ ደምበጫ አጠገብ በመንገዱ ላይ ነበርና ከሁለት ቀን በኋላ ያ ሁሉ የጠላት ጦር መጣበት። ብዙ ሰው ወደቀ። ከኢትዮጵያውያኑ ጋር በዘመቻው የነበሩ እንግሊዛውያን መኮንኖች መጻሕፍት ጽፈዋል፤ የአርበኞቹ አለቆች የነደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና የነደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ስምም በታሪክ አለ። ከእነሱ በታች ያለው አርበኛ ግን ስሙ የቀረው በቀዬው ለቅሶ ላይ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድለት አይደለም። እንግሊዞች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መቃብር የሌለውን ወታደር ሁሉ ስሙን በድንጋይ እንቀርጻለን ብለው ተነሡ፤ በፈረንሳይ ቲየፕቫል ላይ ብቻ ከ72 ሺህ በላይ ስም ተቀርጿል። ሆኖም የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ቢያንስ 116 ሺህ፣ ምናልባትም እስከ 350 ሺህ የሚደርሱ ሟቾች፣ በአብዛኛው የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ሰዎች፣ በስም ሳይታሰቡ ወይም ጭራሽ ሳይታወሱ መቅረታቸውን አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። ስም መጻፍ የሚቻል ሥራ ነበር፤ ለእነዚያ ሰዎች ግን አልተፈለገም። ኮሪያ ዘምተው የወደቁት ከ120 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ስማቸው ዛሬ ቡሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ግድግዳ ላይ ተጽፏል። የጃቢ ጠህናን ገበሬ ልጅ ባሕር ማዶ ቢወድቅ ስሙ በድንጋይ ይቀረጽለታል፤ ናቅፋ ላይ ወይም ባድመ ላይ ቢወድቅ ግን አይቀረጽለትም።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሙሾም ያልወረደላቸው መኖራቸው ነው። በወጋችን ለቅሶ የሚጀመረው በመርዶ ነው፤ ሽማግሌዎች ገና ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሙሾው የሚወርደው፣ ፍታቱና ተዝካሩ የሚከተለው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ከየቀበሌው ወጣት ተመለመለ። በ1983 ዓ.ም. ግን የደርግ ሠራዊት ሲበተን መርዶ ነጋሪው አብሮ ተበተነ። ልጇ ይሙት ይኑር ያላወቀች እናት ጥቁር መልበስ ልጇን በአፏ እንደ መግደል ይሆንባታል፤ ስለዚህ ሙሾዋ በጉሮሮዋ ይቀራል። ከኤርትራ ጋር የተደረገውን የ1990ውን ጦርነት በተመለከተ ኤርትራ 19 ሺህ ሰው እንደሞተባት ይፋ አድርጋ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ለየቤተሰቡ መርዶ ነግራለች። እኛ ዘንድ የሙታኑ ሙሉ የስም ዝርዝር ለሕዝብ አልታተመም። መንግሥት መርዶ ሲነፍግ የሚከለክለው ዜና ብቻ ሳይሆን የሐዘኑን ግጥምም ጭምር ነው።

ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ሙሾ ያጋንናል፣ ሞቶ አንበሳ ያልሆነ የለም ይባላል፤ እውነት ነው። እኔ ግን ከሙሾ የምፈልገው የጀግንነት ማስረጃ አይደለም። ስሙን፣ የወደቀበትን ቦታና የተረፉትን ነው የምፈልገው፤ እነዚህን አልቃሿ ብትሳሳት ለቀስተኛው እዚያው ያርማታል። ቤተ ክርስቲያን ደረት መድቃትንና ፊት መንጨትን ትከለክላለች የሚለውም ትክክል ነው። ግጥሙን መመዝገብ ግን ደረት መድቃት አይደለም። ደግሞም ቤተ ክርስቲያን ሟቹን የምታስበው በክርስትና ስሙ ነው፤ ያ ስም በአምላክ ዘንድ ያሳውቀዋል፣ ለጎረቤትና ለልጅ ልጅ የሚያሳውቀው ግን የቤት ስሙ ነው። ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ አገር ያቆየው ፉከራው ነው፣ ሙሾ ልብ ያሟሟል የሚል። በጣሊያን ወረራ አምስቱን ዓመት ያዋጋውን ፉከራ አላጣጥልም። ነገር ግን ሙሾ ይጠብቀኛል፣ ስሜ አይጠፋም ብሎ የሚያምን ሰው በልበ ሙሉነት ይዘምታል። ማንም አይጠራኝም ብሎ የሚዘምት ሰው የሚፎክረው ለሌላ ነው።

የማን ሙታን ይታሰቡ የሚለው ጥያቄ ደግሞ በእኛ ዘንድ ሁልጊዜ በአሸናፊው ሲመለስ ቆይቷል። ባሕር ዳር ዓባይ ዳር የቆመው የሰማዕታት ሐውልት ደርግን ሲወጉ ለወደቁት ታጋዮች ነው፤ በሌላው ወገን የወደቀው ምልምል ግን የዚያው የጎጃም ልጅ ነበር። ሙሾ ይህን ልዩነት አያውቅም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ውጊያ ሲመላለስ፣ አንዱ ልጇ በመከላከያ ሌላው በፋኖ ቢሆን እናት በሁለት ዓይነት ግጥም አታለቅስም። ሐውልት የሚያቆሙ ሰዎች ያልቻሉትን እሷ ታውቃለች።

መሰብሰብ ይቻላል። ዶክተር ጌቴ ገላዬ የጎጃምን የቃል ግጥም በየዓይነቱ መድበው እ.ኤ.አ. በ1999 ሃምቡርግ በሚዘጋጀው «ኤቲዮፒካ» መጽሔት ጥናታቸውን አውጥተዋል፤ መንገዱ ተጠርጓል። በዋሸራ የቅኔ ጉባኤ አንድ ቅኔ ከነባለቤቱ ስም በቃል ተይዞ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያልፋል። ለሙሾ ግን እንዲህ ያለ ተማሪ አልተመደበለትም። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ላይ ካምፓስ አለው፤ ተማሪዎቹ የሚመጡት ከዚሁ ከገጠሩ ነው። እያንዳንዱ ክረምት ሲገባ በየቀበሌው አንድ መቅጃና አንድ ደብተር ይዘው ቢወጡ፣ የሟቹን ስም፣ የወደቀበትን ቦታ፣ ሙሾውን ያወረደችውን ሴት ስም ጨምረው ቢጽፉ፣ መርዶ ያልደረሰበትንም ቤት ለብቻ ቢመዘግቡ ሥራው ይጀመራል። በ1970ዎቹ ልጆቻቸውን ለብሔራዊ ውትድርና የሰጡ እናቶች ዛሬ ብዙዎቹ ሰማንያን አልፈዋል።