የመድኃኒቱ ወጪ የማን ነው?

በጅማ ከተማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ የሚኖር አንድ ሰው የቡና ለቀማ ሲደርስ ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሊሙ ይሄዳል እንበል። ይህ ሰው የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ከጋቢውና ከስንቁ ጋር መድኃኒቱንም መያዝ አለበት። መድኃኒቱ ቫይረሱን እንዳይራባ ያግደዋል እንጂ ከሰውነት ፈጽሞ አያጠፋውም። ስለሆነም ዕድሜ ልክ በየቀኑ ይወሰዳል። ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይበዛል፤ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። ታዲያ በየቀኑ የሚያስፈልገንን ነገር ሌላ ሰው እስከ መቼ ይግዛልን?

አገራችን የኤች አይ ቪ ፖሊሲዋን ያወጣችው በ1990 ዓ.ም. ሲሆን፣ መድኃኒቱ በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው የመጣው ከዓለም አቀፉ ፈንድና ከአሜሪካ መንግሥት ነበር። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። እኔ ግን ተረቱ እዚህ ላይ በሙሉ ልብ የሚጠቀስ አይመስለኝም፤ ያ ወርቅ የብዙ ወላጆችን ሕይወት አትርፎ ልጆቻቸውን ለትምህርት አብቅቷልና። ጥፋቱ መቀበላችን ሳይሆን፣ እየተቀበልን ለነገ አለማሰባችን ነው።

ያ ነገ በጥር 2017 ዓ.ም. መጣ። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት አገደ። በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውልም በአገራችን እንዲቋረጥ ተደረገ። ውሳኔው የተሰጠው እኛ በሌለንበት ሸንጎ ስለ ነበረ፣ ልንከራከርበት ቀርቶ ልናዘገየው እንኳ አልቻልንም።

«ድሆች ነን፤ ከየት እናመጣለን?» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ የቤተ ሙከራው፣ የመጓጓዣውና የባለሙያው ደመወዝ ወጪ ከባድ ነው። ይሁን እንጂ የመድኃኒቱ ዋጋ እንደ ቀድሞው አይደለም። ዓለም አቀፉ ፈንድ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ዋናውን መድኃኒት ለአንድ ሰው ለዓመት ከ45 ዶላር በታች እንደሚገዛ አስታውቋል። የአፍሪካ መሪዎችም በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተው ነበር፤ ቃላቸውን የጠበቁት ጥቂቶች ናቸው።

እኔ የምለው፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሸፈን ባይቻል እንኳ የሠራተኞቹ ደመወዝ ከራሳችን ይጀምር ነው። ወረዳውና ከተማው በጀት ይመድቡ፤ የቡና ነጋዴዎችና የገበሬ ማኅበራትም በሕግ የተወሰነ አነስተኛ መዋጮ ያውጡ። ቡናውን የሚለቅመው ጉልበት ጤና ሲያጣ የሚጎዳው ንግዱም ነውና።

መዋጮ ብቻውን ግን አይበቃም። አስተማሪ ሳለሁ አንድ ትምህርት ቤት ለአጥር ማሠሪያ ከወላጆች ገንዘብ ሰበሰበ፤ ሒሳቡ ሳይነገር ዓመቱ አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት የከፈለ ወላጅ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ አጥሩም እንደ ጎደለ ቀረ። እድርን ተመልከቱ፤ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ገንዘብ ያዡ ይይዛል፣ ሒሳቡ በአባላት ፊት ይነበባል። የመድኃኒቱም ገንዘብ እንዲሁ ይተዳደር። በኮሚቴውም ውስጥ መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎች ከነድምፃቸው ይቀመጡ፤ መድኃኒት ሲጎድል መጀመሪያ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በአደባባይ የሚነበበው ሒሳቡ እንጂ የታካሚ ስም አለመሆኑ ግን ከመጀመሪያው በደንብ ይጻፍ።

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። የቡና ገንዘብ በገበሬው እጅ የሚገባው ግን ከለቀማው በኋላ በበጋ ነው፤ መዋጮው የሚሰበሰበውም በዚያ ወራት ቢሆን ይመረጣል።