ሽቦን በግድግዳ አሳልፎ ወደ ቤት ስለ ማስገባት

ቤት የሚሠራ ሰው ስለ በሩና ስለ መስኮቱ ብዙ ያስባል። በሩ ወደ የት ይዙር፥ መስኮቱስ ነፋሱንና ፀሐዩን ከየት ይቀበል እያለ ከግንበኛውና ከአናጢው ጋራ ሲመካከር ይሰነብታል። ነገር ግን በዘመናችን ማንም ሳይመክርበት በየግድግዳው የሚከፈት ሌላ ቀዳዳ አለ፤ ይኸውም የመብራት፥ የስልክና የቴሌቪዥን ሽቦ የሚገባበት ነው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1880ዎቹ ዓመታት፥ የስልክ ሽቦ ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ሲዘረጋ፥ ሽቦ የሚገባበት ቤት እጅግ ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን በአንድ ግድግዳ ሦስትና አራት ሽቦ ሲገባ እናያለን። የቀዳዳው ስፋት ከጣት ብዙ አይበልጥምና ባለ ቤቱ ከቁም ነገር አይቈጥረውም። እኛም አልቈጠርነውም ነበር፤ ስለዚሁ ለመጻፍ ያነሣሣንም ይህ ቸልተኝነታችን ነው።

የምንኖረው በአርባ ምንጭ ነው። ይህች ከተማ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነትን ከጨንቻ ከተረከበች ከ1950ዎቹ ዓመታት ወዲህ የሸክላና የብሎኬት ቤት በዝቶባታል፤ የእኛም ቤት በሸክላ የተሠራ ነው። በአንድ ዓመት የፋሲካ በዓል ሲቃረብ ልጆቻችን ቴሌቪዥን እንድናስገባላቸው ለመኑን። እኛም በዓሉ ሳይደርስ ይፈጸም ብለን ሠራተኛውን አጣደፍነው። እርሱም ዲሹን በጣሪያው ላይ ተክሎ፥ ሽቦውን በግድግዳው ላይ ቀጥ አድርጎ አውርዶ፥ ከውጭ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ቀዳዳ ሰርስሮ አስገባው። አፉንም በጥቂት ሲሚንቶ ለስኖ ሄደ። ሥራው በአንድ ሰዓት አለቀ፤ ፍጥነቱንም አመሰገንነው።

በአርባ ምንጭ ዋናው ዝናም የሚዘንመው በሚያዝያና በግንቦት ነው። በዓሉ እንዳለፈ ዝናሙ መጣ። ውሃውም ከጣሪያው በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ወረደ፤ ቀዳዳውንም ባገኘ ጊዜ እንደ ተጠራ እንግዳ ዘው ብሎ ገባ። በመጀመሪያ ልስኑ ረጠበ፥ ቀጥሎም አበጠ። እኛ ግን ዝናሙ ሲያባራ ይደርቃል ብለን ዝም አልን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው በእኛ ደረሰ፤ ከቀዳዳው በታች ሶኬት መኖሩን ልብ አላልንምና። በአንድ ማታ የዘጠኝ ዓመት ልጃችን የስልክ መሙያ ከሶኬቱ ልትነቅል ብትጨብጥ ኮረንቲ ያዛት። እናትዋ ጮኻ ልታቅፋት ስትሮጥ፥ በቤታችን እንግድነት ተቀምጠው የነበሩ አንድ ጎረቤታችን «እመቤቴ፥ አይንኳት! መጀመሪያ መብራቱ ይጥፋ!» ብለው ወደ ቈጣሪው ሮጡና ዋናውን አጠፉት። ያን ጊዜ እጅዋ ለቀቀ። ልጅቱ ዳነች፤ በመዳፍዋ ላይ ግን ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ።

ሥራችን በፍርድ ቤት የሌላውን ሰው ጥፋት መጻፍ ነውና፥ በዚያው ብዕር የራሳችንን ልንጽፍ ይገባናል። ጥፋቱ የሠራተኛው ብቻ አይደለም። ያጣደፍነው እኛ ነን፤ ልስኑ ሲያብጥ አይተን ዝም ያልንም እኛው ነን። ከዚያ በኋላ አንድ ጠንቃቃ ባለ ሙያ አስመጥተን ቀዳዳውን እንደ ገና አሠራነው። ከእርሱ የተማርነውን ለክቡራን አንባቢዎቻችን በየተራው እናቀርባለን።

መጀመሪያ፥ ቦታውን መምረጥ ነው። ቀዳዳው በጣሪያው ክፈፍ ሥር ቢሆን ዝናም በቀጥታ አይመታውም። በግድግዳው ውስጥ የተቀበረ የመብራት ሽቦ ወይም የውሃ ቧንቧ አለመኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። የተቀበረ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በላይ ወይም በታች ቀጥ ብሎ ያልፋልና በዚያ አይሰርሰር። ከበርና ከመስኮት በላይ ያለው አርማታም ብረት ያለበት ስለ ሆነ አይነካ።

ሁለተኛ፥ አሰረሳሰሩ ነው። ከውስጥ ተጀምሮ ወደ ውጭ ጥቂት ዝቅ እያለ ይሰርሰር፤ እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ የገባው ውሃ ተመልሶ ይወጣል። በእኛ ቤት የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነበር። ደግሞም በወፍራም መሰርሰሪያ በአንድ ጊዜ የገፉት እንደ ሆነ የሸክላው የውጭ ፊት ይፈነዳል። ስለዚህ አስቀድሞ በቀጭኑ ማሳለፍ፥ ኋላም ከሁለቱ ወገን በወፍራሙ ማስፋት ይሻላል።

ሦስተኛ፥ ሽቦው ራቁቱን አይለፍ። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ የፕላስቲክ ቧንቧ ይግባለት፤ ያለዚያ የሸክላው ስለት ልባሱን ይልጠዋል። ይልቁንም ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነውና፥ ቧንቧ ከሌለ የገባው ውሃ ወደ ግድግዳው ሆድ ይወርዳል።

አራተኛ፥ ሽቦው ከላይ እንደ ወረደ በቀጥታ ወደ ቀዳዳው አይግባ። ከቀዳዳው በታች አንድ ስንዝር ያህል ይውረድ፤ በአንገት ላይ እንደ ተንጠለጠለ ሐብል ዝቅ ብሎ ተመልሶ ወደ ላይ ይግባ። በሽቦው ላይ የመጣው ውሃ ዳገት አይወጣምና ከዝቅተኛው ስፍራ ጠብ ጠብ እያለ ወደ መሬት ይወድቃል። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ የሚይዝ አንባቢ ቢኖር ይህነን ይያዝ፤ ወጪው ሁለት ስንዝር ሽቦ ብቻ ነው።

አምስተኛ፥ በቧንቧውና በሸክላው መካከል ያለው ክፍተት በሲሚንቶ፥ የቧንቧው አፍ ደግሞ ሲሊኮን በሚባለው ማሸጊያ ይደፈን። አርባ ምንጭ ወባ ያለባት አገር ናት። በመስኮት ወንፊት አድርጎ፥ በአልጋም ላይ አጎበር ዘርግቶ፥ በሽቦው ቀዳዳ ለትንኝ መንገድ መክፈት ከንቱ ድካም ነው።

እስከ አሁን የተናገርነው ለስልክና ለቴሌቪዥን ሽቦ ነው። የመብራት ሽቦ ግን ከዚህ የበረታ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአገራችን ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነውና ሰው ይገድላል። ስለዚህ ባለ ቤቱ ራሱ አይድፈረው፤ ፈቃድ ያለው ባለ ሙያ ዋናውን አጥፍቶ ይሥራው። ከቴሌቪዥኑ ሽቦ ጋራ በአንድ ቧንቧ አይለፍ። ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ ይኑረው፤ ኮረንቲ ወደ ሰው አካል ሲፈስስ ወዲያው የሚቈርጥ መከላከያም ይደረግለት።

ይህ ምክር ለሸክላ ቤት ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከአርባ ምንጭ፥ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ፥ ወደ ጨንቻ ደጋ፥ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ፥ የወጣ ሰው የዶርዜን ቤት ያያል። ይህ ቤት በተጐነጐነ ቀርከሃ የተሠራ፥ በፊቱም እንደ ዝሆን አፍንጫ ወጣ ያለ መግቢያ ያለው ነው። ምስጥ ከታች በበላው መጠን እየተቈረጠ ዓመት ለዓመት ያጥራል፤ ሲያስፈልግም ብዙ ሰዎች ተሸክመው ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውሩታል። ወደዚህ ቤት ሽቦ ለማስገባት ቀርከሃውን መቍረጥ አያሻም፤ ጕንጕኑን ከፈት አድርጎ ቧንቧ ማሳለፍ ይበቃል። ነገር ግን በደረቅ ቀርከሃ መካከል ራቁቱን ያለፈ የመብራት ሽቦ ልባሱ ቢላጥ ብልጭታው ቤቱን ሊያነድደው ይችላል። ቤቱ ባጠረ ጊዜም ከምሰሶው የመጣው ሽቦ ይወጠራልና አስቀድሞ ላላ ተደርጎ ይተው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። ስለዚህ ክቡራን ባለ ቤቶችና እመቤቶች፥ ዝናም ሳይመጣ በቤታችሁ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዙሩና ሽቦው እንዴት እንደሚገባ ተመልከቱ። ቀጥ ብሎ ወርዶ የሚገባ ቢሆን ዛሬውኑ አሠሩት። በውስጥ በኩል የረጠበ ወይም ያበጠ ልስን ብታገኙ ግን ይደርቃል አትበሉ፤ በእጃችሁም አትንኩት። ልጆችን ከግድግዳው አርቁ፥ ዋናውን መብራት አጥፉ፥ ከዚያ በኋላ ባለ ሙያ ጥሩ።